ሆርዩጂን ለመጎብኘት፦ ስለ ጃፓኑ ጥንታዊ የእንጨት ቤተ መቅደስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቱና ቀኑ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ አድርጌዋለሁ።

ሆርዩጂ ምንድን ነው? የትስ ነው?

በጃፓን፣ በናራ ክፍለ ግዛት፣ ኢካሩጋ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኝ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ነው። በዓለም ላይ እስካሁን ቆመው ካሉ የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ ጥንታዊዎቹ እዚህ ግቢ ውስጥ ናቸው። "ጂ" በጃፓንኛ ራሱ ቤተ መቅደስ ማለት ነው። ስለዚህ "ሆርዩጂ ቤተ መቅደስ" ስንል ሁለቴ እየጠራነው ነው፤ ግድ የለም።

የተመሠረተው በ607 ነው። ንጉሠ ነገሥት ዮሜ ታመው ቤተ መቅደስ ለማሠራት ተሳሉ፤ ስለታቸውን ሳያደርሱ ሞቱ። ስለቱን የፈጸሙት እህታቸው ንግሥት ሱይኮና ልጃቸው ልዑል ሾቶኩ ናቸው። ቡድሂዝም ከኮሪያ ወደ ጃፓን ከገባ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም ነበር። ዘመኑን በእኛ ለመለካት፦ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ተሰደው አክሱም ከመድረሳቸው ስምንት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ያ ግዙፉ ቡድሃና አጋዘኖቹ ያሉበት ቦታ እሱ ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አጋዘኖቹ የሚዞሩበትና 15 ሜትር ገደማ የሚሆነው የነሐስ ቡድሃ የተቀመጠበት ቶዳይጂ ነው፤ ናራ ከተማ ውስጥ። እሱም የእንጨት ነው፤ በጣም ትልቅም ነው። ነገር ግን አሁን የምናየው አዳራሽ ያለቀው በ1709 ነው። ሆርዩጂ ከእሱ በአንድ ሺህ ዓመት ይበልጣል። ቶዳይጂ በትልቅነቱ፣ ሆርዩጂ በዕድሜው ብላችሁ ያዙት።

እንዴት ነው የሚኬደው?

ባቡር ነው የሚሻለው። ጄአር ከሚባለው የባቡር ድርጅት ናራ ጣቢያ በያማቶጂ መስመር ሆርዩጂ ጣቢያ ለመድረስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከኦሳካም ያው መስመር ሳይቀየር ያደርሳል፤ ፈጣኑን ከያዛችሁ አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ከኪዮቶ የምትነሱ መጀመሪያ ናራ ወርዳችሁ ትቀይራላችሁ። ቶኪዮ ያላችሁ በሺንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር፣ ኪዮቶ ድረስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ጨምሩበት። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል፤ ግን እግርና ወገብ ያስከፍላል።

ከጣቢያው እስከ ቤተ መቅደሱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አውቶቡስም አለ። እኔ እግሩን እመርጣለሁ፤ መጨረሻ ላይ ግራና ቀኝ ጥድ የተሰለፈበት መንገድ ነው ወደ ደቡቡ በር የሚያስገባው።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ አዎ። የሚታየው ፓስፖርቱ ነው፤ ዱባይ ወይም ሪያድ መኖራችሁ ብቻውን ከቪዛ ነፃ አያደርግም። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አትጠየቁም።

መግቢያው ስንት ነው? በስንት ሰዓት ይከፈታል?

ለአዋቂ 2000 የን ነው፤ ከማርች 2025 በፊት 1500 ነበር። ለአንድ ቤተ መቅደስ ብዙ ነው የሚል አይጠፋም፤ ለጃፓንም ከፍ ያለ ነው። ግን አንዱ ትኬት ሦስት ቦታ ያስገባል፦ ፓጎዳው (ጣሪያ በጣሪያ ላይ የተደራረበበት ማማ) ያለበትን ምዕራባዊ ግቢ፣ የቅርስ ማሳያውን፣ ምሥራቃዊውን ግቢ። በየበሩ ስለሚጠይቋችሁ አንዱን አይታችሁ ስትወጡ እንዳትጥሉት።

ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይከፈታል፤ ይህም በጃፓኖቹ 8፡00 መሆኑ ነው። ማታ 11 ሰዓት ይዘጋል። ከኖቬምበር 4 እስከ ፌብሩዋሪ 21 ባለው ወቅት ደግሞ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል።

ስንት ሰዓት ይበቃኛል? ከየት ልጀምር?

አስጎብኚ ድርጅቶች አንድ ሰዓት ይሰጡታል። አይበቃም። ሦስት ሰዓት ያዙለት፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ካላችሁም ይሆናል።

በደቡቡ ትልቅ በር ትገባላችሁ። ይህ በር በ1435 ተቃጥሎ በ1438 የተሠራ ነው፤ እዚህ ግቢ ውስጥ "አዲስ" የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ነው። ፊት ለፊት ያለውን መካከለኛ በር ግን ሰው አይገባበትም፤ ከጎን በኩል ዞራችሁ ነው የምትገቡት። በሩ ላይ ትንሽ ቁሙ። ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ጠባቂዎች በ711 የተሠሩ ናቸው። ደግሞ በሩ መሐል ላይ ምሰሶ አለ፤ መግቢያውን ለሁለት የሚከፍል። በር መሐል ምሰሶ የሚተክል አናጢ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለምን እንዲህ እንደተሠራ ጃፓኖችም ሲከራከሩበት ኖረዋል። የልዑል ሾቶኩ መንፈስ እንዳይወጣ ነው ያሉም አሉ። ማስረጃ የለውም፤ ወሬው ግን ይጥማል።

ውስጥ ስትገቡ በቀኝ "ኮንዶ" የሚባለው ዋና አዳራሽ፣ በግራ ባለ አምስት ደርብ ፓጎዳው አሉ። ከዚያ ወደ ቅርስ ማሳያው፣ በመጨረሻ ወደ ምሥራቅ ግቢው። ሰው ሁሉ ፓጎዳውን ፎቶ አንሥቶ ወደ ምሥራቅ ይሮጣል። እናንተ ምዕራባዊው ግቢ ላይ ዘግዩ።

ጫማ ይወልቃል? ምን ልልበስ?

እኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማ ማውለቅ ስለለመድን መጀመሪያ የሚመጣብን ጥያቄ ይኼው ነው። እዚህ አብዛኛውን በጫማ ነው የምትዞሩት። የዋናው አዳራሽ ወለል እንጨት አይደለም፤ በጫማ ይገባል። ፓጎዳው ውስጥ ጭራሽ አይገባም። በሌሎች የጃፓን ቤተ መቅደሶች ግን እንጨት ወይም ምንጣፍ ወለል ካለ ማውለቅ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳ የሌለው ካልሲ አድርጉ።

የተለየ አለባበስ የለም። ነጠላ ወይም ሻሽ አይጠየቅም፤ ደህና ልብስ ይበቃል። ትልቁ ነገር ጫማው ነው፤ ግቢው ጠጠር ነው፣ ተረከዝ ያለው አያዋጣም። በበሮቹ ላይ ከፍ ያለ የእንጨት ደፍ አለ። ደፉን ተራመዱት እንጂ አትርገጡት። ክብርም ነው፤ ደግሞ የስንት መቶ ዓመት እንጨት ነው።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ግቢውን አዎ፣ የአዳራሾቹንና የማሳያውን ውስጥ አይቻልም። ፍላሽ ሳይኖርም አይቻልም። በበር በኩል ስልክ ዘርግቶ መስረቅ የሚሞክር አለ፤ ጠባቂዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ግን ያያሉ።

ወሩ የቱ ይሻላል?

ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ሳኩራ፣ የቼሪ ዛፉ፣ ያብባል፤ ያምራል፣ ሰው ግን ይበዛል። ጁን ዝናብ ነው። ኦገስት ሙቀቱ ከወበቅ ጋር ስለሆነ ልጅ ይዛችሁ ባትሞክሩት ይሻላል። ኖቬምበር የዛፎቹ ቅጠል ቀይ ይሆናል። በፀደይና በመኸር የተማሪ ጉዞ ስለሚበዛ፣ በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት ግቡ።

ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ? ብርዱ አጥንት ይገባል፣ አዳራሾቹም ማሞቂያ የላቸውም። ግን ግቢው ጭር ይላል። ወፍራም ካልሲ ካላችሁ እሱን ምረጡ።

ብዙ ነገር አለ፤ የግድ ማየት ያለብኝ የቱን ነው?

ዋናው አዳራሽ ውስጥ ያለውን የነሐስ ቡድሃ። ግራና ቀኝ ሁለት አጃቢዎች አሉት። ከጀርባው ባለው ትልቅ ክብ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ፣ ልዑል ሾቶኩ በሞቱ በማግስቱ ዓመት፣ በ623፣ ቶሪ የተባለ ቀራጺ እንደሠራው ይናገራል። ፊቱ ረዘም ያለ ነው፤ ፈገግ ይላል ወይም አይልም። አዳራሹ ጨለማ ቢጤ ስለሆነ ዓይናችሁ እስኪለምድ ጠብቁ።

ቀጥሎ የፓጎዳው ሥር። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ እናንተ ወደ ታች እዩ። በአራቱም በኩል በሽቦ ወንፊት ውስጥ በ711 ከጭቃ የተሠሩ ትንንሽ ሰዎች አሉ። በሰሜን በኩል ያለው ቡድሃ ሲሞት ነው። ዙሪያውን ደቀ መዛሙርቱ ያለቅሳሉ። አፉን ከፍቶ የሚጮኽ አለ፤ ደረቱን የያዘ አለ። የእኛን ልቅሶ ቤት ለሚያውቅ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ለእኔ ከግቢው ሁሉ አንደኛው ይህ ነው።

ማሳያው ውስጥ ደግሞ ኩዳራ ካኖን አለች፤ 2.1 ሜትር ቁመት ያላት ቀጭን የእንጨት ምስል። ካኖን ቡድሂስቶች የርኅራኄ ብለው የሚለምኑት ቅዱስ ነው። ኩዳራ ማለት የጥንቱ የኮሪያ መንግሥት ቤክጄ ነው። ስሟ ከኮሪያ መጣች ያሰኛል፤ የተቀረጸችበት የካምፎር እንጨት ግን ጃፓን ውስጥ መሠራቷን ይጠቁማል። ከእሷ ራቅ ብሎ አንድ ትንሽ የነሐስ ምስል አለ፤ ክፉ ሕልም ያየ ሰው ሲለምነው ወደ ደግ ይቀይርለታል ይባላል። ሕልም እንደ ፈቺው ነው የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። ታማሙሺ የሚባለውንም ትንሽ መቅደስ እንዳታልፉት፤ በአንድ ወቅት በሚያብለጨልጭ የጢንዚዛ ክንፍ ያጌጠ ነበር። ክንፎቹ አብዛኞቹ ረግፈዋል፤ በጎኑ ላይ ያለው ሥዕል ግን አለ። አንድ ልዑል ለተራበች ነብርና ለግልገሎቿ ገላውን ሲሰጥ ያሳያል።

ክርስቲያን (ወይም ሙስሊም) ነኝ። ብገባ ችግር አለው?

ከእነሱ ወገን ምንም ችግር የለም። ሃይማኖታችሁን የሚጠይቅ፣ ስገዱ ወይም ስጦታ ጣሉ የሚል የለም። የሚመጣው ሰው አብዛኛው ጎብኚ ነው። ሰንደል ማጨስ፣ በውሃው ገንዳ እጅ መታጠብ፣ እጅ ማጋጠም ሁሉ በፈቃድ ነው። ላለማድረግ ከመረጣችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ። የሚጸልይ ሰው ፊት ግን አትቁሙ፤ ኮፍያ አውልቁ፤ ድምፅ ቀንሱ። ቅዳሴ ላይ የገባ ቱሪስት እንዲያደርግላችሁ የምትፈልጉትን አድርጉ።

ከራሳችሁ ወገን ያለውን እኔ አልወስንላችሁም። ልባችሁ ካልፈቀደ የንስሐ አባታችሁን ወይም የምታምኑትን ኡስታዝ ጠይቁ። ብዙዎች እንደ ቤተ መዘክር አይተው ይወጣሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ መስገድ የሺንቶ፣ የጃፓኖች የጥንቱ አገር በቀል ሃይማኖት፣ መቅደስ ሥርዓት ነው። በቡድሂስት ቤተ መቅደስ አይጨበጨብም። ከቪዲዮ የተማረ እንግዳ ሲያጨበጭብ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል።

ጾም ላይ ነኝ፤ የምበላው አገኛለሁ?

የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ስለሆነ ዙሪያው በሙሉ የጾም ምግብ ነው ብሎ የሚያስብ አለ። እንዲያ አይደለም። ስጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት የገዳም ምግብ "ሾጂን ርዮሪ" ይባላል፤ ኪዮቶና ናራ ታገኙታላችሁ፣ ግን አስቀድሞ ቀጠሮ የሚጠይቅ አለ፣ ዋጋውም ይቆነጥጣል።

ተራው ምግብ ቤት ውስጥ ወጥመዱ "ዳሺ" ነው። ሾርባው፣ የኑድሉ መረቅ፣ አትክልት የተቀቀለበት ውሃ ሳይቀር ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። አስተናጋጁ "ዓሣ የለውም" ሲላችሁ ቁራጭ ዓሣ የለውም ማለቱ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ የማትበሉ ከሆነ ግን "ዳሺ" የሚለውን ቃል ጠርታችሁ ጠይቁ። ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ "ሚሪን" የሚባለው አልኮል ያለበት ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ብዙ ወጥ ውስጥ ይገባል። ናራ ውስጥ አድራችሁ ቁርስ ጠገብ ብሎ መምጣት፣ ፍራፍሬ መያዝ ቀላሉ መላ ነው። በመኸር ካኪ በሽ ነው፤ እስራኤል ያላችሁ አፋርሴሞን የምትሉት።

በቤተ መቅደሶቹ ላይ የናዚ ምልክት አየሁ። ምንድን ነው?

የናዚ አይደለም። "ማንጂ" ይባላል፤ ከሕንድ ከቡድሂዝም ጋር የመጣ የበረከት ምልክት ነው። ሂትለር ከመወለዱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በፊት እዚህ ነበር። በጃፓን ካርታ ላይ ቤተ መቅደስ ያለበትን ቦታ የሚያመለክተውም እሱ ነው፤ መስቀል ቤተ ክርስቲያንን እንደሚያሳይ። የጃፓኑ ብዙ ጊዜ ወደ ግራ የዞረ ነው፤ የናዚው ወደ ቀኝ ዞሮ ዘንበል ያለ ነበር።

ሆርዩጂ ላይ በተለይ ዋናው አዳራሽና ፓጎዳው ላይ ከፍ ብሎ ያለውን የእንጨት አጥር እዩ። ማንጂውን ሰባብሮ አያይዞ የተሠራ ጥልፍ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ካላያችሁት አታውቁትም። አውሮፓ ወይም እስራኤል ያላችሁ ፎቶውን ስትለጥፉ አንድ መስመር ማብራሪያ ጻፉበት። የሚያየው ሰው ቁስል ሊኖረው ይችላል።

ያ ሰው ደብተር ይዞ የሚሰለፍበት ምንድን ነው?

"ጎሹኢን" ነው። ቤተ መቅደሱን ለመጎብኘታችሁ በቀይ ማኅተምና በብሩሽ ጽሑፍ የሚሰጥ ምስክር። ለዚሁ የተሠራ ደብተር ገዝታችሁ በትንሽ ክፍያ ታስጽፋላችሁ። የሆርዩጂው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሾቶኩ በ604 አወጡት ከሚባለው ባለ 17 አንቀጽ ሕግ የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ስምምነት ይከበር የሚል። በማስታወሻ ደብተር ወይም በቁራጭ ወረቀት አይጻፍም፤ አታስቸግሯቸው።

ፓጎዳው ላይ መውጣት ይቻላል? ጫፉ ላይ ያለው ማጭድ ምንድን ነው?

አይቻልም፤ የሚወጣበትም ነገር የለውም። ቁመቱ 32.5 ሜትር ያህል ነው፤ አምስት ጣሪያ አለው እንጂ ሰው የሚኖርበት አምስት ፎቅ አይደለም። ላይኛው ጣሪያ ከታችኛው በግማሽ ያህል ያንሳል። የረጋ የሚመስለው በዚህ ነው።

ጫፉ ላይ ባለው የብረት ዘንግ ግርጌ አራት ማጭዶች ተሰክተዋል። አዎ፣ እህል የሚታጨድበት ዓይነት። መብረቅን ለማባረር ነው ይባላል። ከታች ሆኖ ለማየት ዓይን ይፈልጋል፤ በስልክ ካሜራ አጉሉት።

የመሬት መንቀጥቀጥ በሚበዛበት አገር እንዴት 1300 ዓመት ቆመ?

አንደኛ እንጨቱ። ሂኖኪ ይባላል፤ እኛ የፈረንጅ ጥድ ከምንለው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ዘይት አለው፣ ይሸታል፣ ነቀዝና ብስባሽ ቶሎ አይደፍሩትም። ሁለተኛ ጣሪያው በጣም ሰፊ ነው፤ ዝናቡ ከግድግዳውና ከምሰሶው ርቆ ይወርዳል። ሦስተኛ አያያዙ። እንጨቱ በእንጨት ውስጥ ተሰክቶ፣ ተቆላልፎ ነው የቆመው፤ ስለዚህ ሲናወጥ ትንሽ ይላወሳል እንጂ አይሰበርም። ደርቦቹ ተደራርበው የተቀመጡ ያህል ናቸው። አንዱ ወደ ግራ ሲሄድ ሌላው ወደ ቀኝ ይላል፤ ጃፓኖች ይህን በእባብ አካሄድ ይመስሉታል።

ከሁሉም የሚገርመው መሐሉ ላይ ያለው ምሰሶ ነው። ጎጆ ቤት ለምናውቅ፣ ምሰሶ ማለት ጣሪያውን የተሸከመው ነው፤ እሱ ከተነሣ ቤቱ የለም። እዚህ ግን ምሰሶው ደርቦቹን አልተሸከመም። ከታች እስከ ላይ ብቻውን ወጥቶ የያዘው ጫፉን ነው። ይህ ነገር ንቅናቄውን ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም የሚለውን መሐንዲሶች እስካሁን ያጠኑታል። በ2012 የተከፈተው 634 ሜትር ቁመት ያለው የቶኪዮ ስካይትሪ መሐሉ ላይ ያለው የኮንክሪት ዓምድ ስሙን ከዚህ የፓጎዳ ምሰሶ ነው የወሰደው።

በ607 ተሠራ ይባላል፣ ደግሞ ተቃጠለ ይባላል። የትኛው ነው እውነቱ?

ሁለቱም። ጥንታዊው የጃፓን ዜና መዋዕል በ670 ሆርዩጂ አንድም ሕንፃ ሳይተርፍ ተቃጠለ ይላል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ምሁራን ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ወገን "ጽሑፉ ልክ ነው፤ ያለው ሕንፃ ዳግም የተሠራ ነው" አለ። ሌላው "የሕንፃው ስልት ከ670 ይቀድማል፤ አልተቃጠለም" አለ። ለአሥርት ዓመታት ተሟገቱ። በ1939 ከአሁኑ ግቢ ደቡብ ምሥራቅ ሲቆፈር የሌላ ቤተ መቅደስ መሠረት ተገኘ፤ አቅጣጫውም ከአሁኑ የተለየ ነው። የመጀመሪያው ሆርዩጂ እሱ ነበር። ስለዚህ የምናየው ከእሳቱ ወዲህ የተሠራ ነው፤ ግንባታው በ711 አካባቢ ተጠናቀቀ። ያም ሆኖ ጥንታዊነቱን የሚነጥቀው የለም።

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። የፓጎዳው መሐል ምሰሶ በዛፍ ቀለበት ቆጠራ ሲመረመር የተቆረጠው በ594 ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱ የተነገረው በ2001 ነው። ቤተ መቅደሱ ከመመሥረቱ እንኳ 13 ዓመት ይቀድማል! ከሌላ ሕንፃ የመጣ ነው? ተቆርጦ ተጋድሞ ቆየ? መልሱን የሚያውቀው እንጨቱ ብቻ ነው።

ዩሜዶኖ ውስጥ ያለውን ምስል ለምንድን ነው የማላየው?

ምሥራቅ ግቢ ያለው ባለ ስምንት ጎን አዳራሽ ዩሜዶኖ፣ የሕልም አዳራሽ፣ በ739 የተሠራ ነው። ውስጡ ጉዜ ካኖን የሚባል በወርቅ የተለበጠ የእንጨት ምስል አለ፤ በልዑል ሾቶኩ ልክ ተቀረጸ ይባላል። ለዘመናት መነኮሳቱ እንኳ አያዩትም ነበር። በ1884 የሥነ ጥበብ ምሁራኑ አሜሪካዊው ኧርነስት ፌኖሎሳና ጃፓናዊው ኦካኩራ ቴንሺን የመንግሥት ፈቃድ ይዘው መጥተው አስከፈቱ። መነኮሳቱ ከተከፈተ መዓት ይወርዳል ብለው ፈሩ። ምስሉ በብዙ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ወርቁ እስከዛሬ ያልፈዘዘው ለዚህ ነው።

አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ ይታያል፦ ከኤፕሪል 11 እስከ ሜይ 18፣ እና ከኦክቶበር 22 እስከ ኖቬምበር 22። በሌላ ጊዜ የሄደ የተዘጋ በር ያያል። ታቦት ለሚያከብር ሰው፣ ቅዱስ የሚሉትን ነገር መሸፈን እንግዳ አይሆንበትም። ቀኑ ካልገጠማችሁ አጠገቡ ወዳለው የቹጉጂ የሴቶች ገዳም ጎራ በሉ፤ ትኬቱ ለብቻ ነው። እግሩን አጣጥፎ ጣቱን ወደ ጉንጩ አስጠግቶ የሚያስብ ጥቁር የእንጨት ምስል አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ይታያል።

የዋናው አዳራሽ ግድግዳ ሥዕሎች ቅጂ ናቸው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1949 ንጋት ላይ አዳራሹ ውስጥ እሳት ተነሣ። ያኔ ሠዓሊዎች ሥዕሎቹን ለትውልድ እንዲቆዩ ብለው እየገለበጡ ነበር። ከብርዱ የተነሣ ይጠቀሙበት የነበረ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተጠርጥሯል፤ ምክንያቱ ግን እስከመጨረሻው አልተረጋገጠም። አሥራ ሁለቱ ትልልቅ ሥዕሎች ከስለው ቀለማቸው ጠፋ። የታችኛው ክፍል ምሰሶዎችም ተቃጠሉ።

አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ያልጠፋው በዕድል ነው። ለእድሳት ተብሎ የላይኛው ክፍል ተፈትቶ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነበር፤ የቡድሃው ምስሎችም ቀድመው ወጥተው ነበር። ድንጋጤው አገሪቱን አንቀጠቀጠ፤ በማግስቱ ዓመት፣ በ1950፣ የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ ወጣ። ጃንዋሪ 26 እስከዛሬ በመላ ጃፓን ቅርስን ከእሳት የመከላከያ ቀን ነው፤ በየቤተ መቅደሱ የእሳት አደጋ ልምምድ ይደረጋል። የከሰሉት ግድግዳዎችና ምሰሶዎች ግቢው ውስጥ በሌላ ሕንፃ ተቀምጠዋል፤ እንደ ልብ አይታዩም። አሁን በግድግዳው ላይ ያለው በ1960ዎቹ በእጅ የተሣለ ቅጂ ነው።

ይህን ያህል ከታደሰ፣ ታዲያ ጥንታዊ ነው ይባላል?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይኼ ነው። በ1600ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ ትልልቅ እድሳት ተደርጎለታል። የመጨረሻው ትልቁ በ1934 ተጀምሮ በ1985 ነው ያለቀው፤ ሃምሳ ዓመት! ፓጎዳው ሳይቀር ቁራጭ በቁራጭ ተፈትቶ፣ የበሰበሰው ብቻ ተቆርጦ ወጥቶ፣ በቦታው አዲስ ሂኖኪ ገብቶ እንደገና ተገጠመ። ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድ ሙያ ያደጉት አናጢው ኒሺዮካ ጹኔካዙ ከሠሩት መካከል ናቸው። ምሰሶዎቹን ተጠግታችሁ ካያችሁ ጥገናው ይታያል፦ ከታች ክንድ የሚያህል አዲስ እንጨት፣ ከላይ የጥንቱ። አልደበቁትም። አዳራሹ ሁለተኛ ደርብ ላይ ዘንዶ የተጠመጠመባቸው ምሰሶዎችም አሉ። እነሱ ከብዙ ዘመን በኋላ የዘመመውን ጣሪያ ለመደገፍ የገቡ ናቸው።

ዩኔስኮ በ1993 ሆርዩጂን ሲመዘግብ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። "ትክክለኛ ቅርስ" የሚለው መለኪያ የተቀረጸው ድንጋይ ታስቦ ነው። እንጨት ግን ካልተነካ ይሞታል። በ1994 እዚያው ናራ ከተማ ላይ ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በቁሱ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩ፣ በአገልግሎቱና በባህሉ ጭምር ይመዘን የሚል ሰነድ አወጡ። ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ለዚህ ስብሰባ አያስፈልገውም። ክዳኑ በየጊዜው ይለወጣል፣ ማገሩ ይቀየራል፣ ቤቱ ግን ያው የአያቴ ቤት ነው።

በዊልቸር ወይም ከሽማግሌ ጋር መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ሁሉም ቦታ አይገባም። የቅርስ ማሳያው በ1998 የተሠራ ስለሆነ ይመቻል። አሮጌዎቹ አዳራሾች ደረጃና ከፍ ያለ ደፍ አላቸው፤ ጠጠሩም ጎማ ይይዛል። እናቴን ብወስድ በአውቶቡስ አምጥቼ፣ ምዕራብ ግቢውን ቀስ ብለን ዞረን፣ የማሳያው ወንበር ላይ አስቀምጣት ነበር። ምሥራቅ ግቢውን ለሌላ ቀን።